ከፋብሪካ ኦቨርክሎክ ሆኖ የመጣ ካርድ ክራሽ ሲያደርግ «ፍጥነቱን ቀንሰው ይጠቀሙ» ይባላል?

ሌሊት_ሬንደር

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነገር ነው፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ከ7 ሳምንት በፊት አዲስ ግራፊክስ ካርድ ገዛሁ። ምርጫዬ ሁለት ነበር። ቺፑ አንድ ዓይነት ነው፤ አንደኛው ካርድ መደበኛው፣ ሌላኛው ከፋብሪካው ኦቨርክሎክ ተደርጎ (ፍጥነቱ ከመደበኛው ከፍ ተደርጎ) የወጣ። ገንዘብ ጨምሬ ሁለተኛውን ወሰድኩ። ሳጥኑ ላይ የቡስት (ሥራ ሲበዛበት የሚደርስበት) ፍጥነቱ ከመደበኛው በ90 ሜጋኸርዝ ከፍ ብሎ ተጽፏል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም አላለም። ከዚያ ወዲህ ጌም ከጀመርኩ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ስክሪኑ ድርግም ይላል። ፋኖቹ ባንዴ እስከ መጨረሻው ይጮሃሉ። ጌሙ ይዘጋና ዴስክቶፑ ላይ እገኛለሁ። ሬንደር (ምስሎችን ፍሬም በፍሬም በኮምፒውተር አስልቶ ማውጣት) ላይ ይብሳል። ማታ 240 ፍሬም አሰልፌ እተኛለሁ፤ ጠዋት ስነሳ 83ኛው ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ሙቀቱ 71 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከሙቀት የመጣ አይመስለኝም።

በሶፍትዌር ፍጥነቱን በ60 ሜጋኸርዝ ስቀንሰው ሌሊቱን ሙሉ ኮሽ ሳይል ያድራል። ሦስት ሌሊት ሞክሬዋለሁ። ወደ ቦታው ስመልሰው እንደገና ክራሽ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለካርዱ ሰሪ ላክሁ። የመጣልኝ መልስ ይኸው፦ «ካርድዎ ከመደበኛው ፍጥነት በላይ የሚሰራ በመሆኑ የገለጹት ሁኔታ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ፍጥነቱን ቀንሰው ይጠቀሙ።»

ይህን መቀበል አለብኝ? ፍጥነቱን በሶፍትዌር መነካካቴስ ዋስትናዬን ያበላሽብኛል? ሌላም አለ። የገዛሁበት ሻጭ በ90 ቀን ውስጥ የዋጋ ልዩነቱን ከፍሎ ወደ ከፍተኛው ካርድ ማለፍ የሚያስችል ውል አለው። 41 ቀን ቀርቶኛል። ይህን ካርድ እንዳለ መልሼ ከፍ ያለውን ልውሰድ ወይስ መጀመሪያ ይቀየርልኝ ብዬ ልሟገት?

ፍሬም_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ 60 ሜጋኸርዝ እኮ ምንም ማለት አይደለም። ከ100 ፍሬም 2 ወይ 3 ብታጣ ነው። ቀንሰውና ተጫወት። ካርዱን በዋስትና ከላክኸው ለስንት ሳምንት ያለ ካርድ እንደምትቀመጥ አይታወቅም። እኔ ብሆን ጊዜዬን አላቃጥልም።

ብየዳ_ቤት

እኔ በዚህ አልስማማም። ካርድ እየፈታሁ ስጠግን 16 ዓመቴ ነው። «ቀንሰህ ተጠቀም» የተባሉ ካርዶች ከዓመት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጡ አይቻለሁ። በ60 የተጀመረው ወደ 100፣ ከዚያም ወደ 150 ይሄዳል። ያኔ ደግሞ ዋስትናው አልቋል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቺፑን የሚነድፈው አንድ ድርጅት ነው፤ ኤንቪዲያ ወይም ኤኤምዲ። ካርዱን የሚሰራው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ካርድ ሰሪው ቺፖቹን ይፈትናል፣ ሻል ያሉትን ይለያል፣ ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ የተጫነው መሠረታዊ ፕሮግራም) ላይ ከፍ ያለ ፍጥነት ይጽፋል፣ ከዚያ ስሙን ለጥፎ ጨምሮ ይሸጣል። ያን ቁጥር ባዮሱ ላይ ከጻፈ በኋላ ቃሉ ነው። «ከመደበኛው በላይ» ሲሉህ መደበኛ የሚሉት የቺፕ ነዳፊውን መነሻ ቁጥር ነው። አንተ የገዛኸው ግን ቺፕ አይደለም፤ ካርድ ነው። የዚያ ካርድ መደበኛው ሳጥኑ ላይ ያለው ነው።

በቁጥር ላሳይህ። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3080 መነሻ ቡስቱ 1710 ሜጋኸርዝ ነበር። ካርድ ሰሪው ኢቪጂኤ ያወጣው ኤፍቲደብሊው3 አልትራ 1800 ተጽፎበት መጣ። ልዩነቱ 5 ከመቶ ገደማ ነው። ያቺን 5 ከመቶ ገዢው ከፍሎባታል። ካርዱ እዚያ ላይ መቆም ካቃተው ያልደረሰው ነገር አለ ማለት ነው፤ ሌላ ስም ልንሰጠው አይገባም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። ከጂቲኤክስ 680 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ የኤንቪዲያ ካርዶች ጂፒዩ ቡስት የሚባል አሠራር አላቸው። ካርዱ ሙቀቱንና የሚስበውን ኃይል እያየ በራሱ ፍጥነት ይጨምራል። 1710 የተጻፈበት 3080 ጌም ላይ ከ1900 በላይ ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ 60 ስትቀንስ ሙሉውን የፍጥነት መስመር ነው ወደ ታች የምታወርደው። ምናልባት ያንተ ካርድ የሚወድቀው ሳጥኑ ላይ ካለው ቁጥር በላይ በራሱ ሲወጣ ነው። ያም ቢሆን አንተ አላወጣኸውም፤ ያወጣው ሰሪው የጫነበት ባዮስ ነው።

ሴፕቴምበር 2020ን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። 3080 ገና እንደወጣ ብዙ ከፋብሪካ ኦቨርክሎክ የሆኑ ካርዶች ወደ 2000 ሜጋኸርዝ ሲጠጉ ጌሙን እየዘጉ ወደ ዴስክቶፕ ይመልሱ ነበር። ሰው ሁሉ ካርዱን ገልብጦ ከቺፑ ጀርባ ያሉትን ካፓሲተሮች (ኃይሉን የሚያረጋጉ ትንንሽ ክፍሎች) ይቆጥር ጀመር። ኢቪጂኤ ስድስቱም ቦታ ትልልቁ ካፓሲተር ያለበት ዲዛይን የራሱን ፈተና እንዳላለፈና ከመላኩ በፊት እንደቀየረው በግልጽ ተናገረ። ኤንቪዲያም በወሩ መጨረሻ 456.55 የሚባለውን ድራይቨር (ካርዱን የሚያዘውን ሶፍትዌር) አውጥቶ ነገሩ ረገበ። ያኔ ችግሩ የታየው የሰሪዎቹና የቺፕ ነዳፊው ሥራ ላይ ነው። መፍትሔውም ከእነሱ መጣ። ያንተም ካርድ ከዚህ የተለየ መልስ አይገባውም።

ሌሊት_ሬንደር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። (ሴት ነኝ፤ ምንም አይደለም።)

ካፓሲተሮቹን ለማየት ፈልጌ ነበር፤ ግን የኋላ ሽፋኑ አንዱ ቡሎን ላይ «ከተነሳ ዋስትና ይሰረዛል» የሚል ትንሽ ስቲከር አለ። ፈራሁና ተውኩት።

ብየዳ_ቤት

ይቅርታ ልጄ፣ ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት። ስቲከሩን አትንኪው፤ መክፈት አያስፈልግሽም። ከዚያ በፊት ግን ጥፋቱ የካርዱ መሆኑን ላንቺም ለእነሱም የሚያሳይ ነገር ያስፈልግሻል። አንድ በአንድ ሂጂ።

ካርዱ ሁለት ባለ 8 ፒን መሰኪያ ካለው ከፓወር ሰፕላዩ ሁለት የተለያየ ሽቦ አምጪለት። አንዱን ሽቦ ለሁለት የሚከፍለውን ጭራ አትጠቀሚ። ካርድ በቅጽበት የሚስበው ኃይል ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው በላይ ብድግ ይላል፤ አንድ ሽቦ ላይ ሁሉንም መጫን ጥሩ አይደለም። ሁለተኛ፣ የራሙንና የሲፒዩውን ኦቨርክሎክ ሁሉ ወደ ነባሩ መልሺ። ኤክስኤምፒ የሚባለውን የራም ማፍጠኛ ሴቲንግም አጥፊው። ብዙ ጊዜ «ካርዴ» የሚባለው ራም ሆኖ ይገኛል። ድራይቨሩን ሙሉ በሙሉ አውጥተሽ በንጹህ ጫኚ። የፍጥነት ማስተካከያ ሶፍትዌሩንም አጥፊው፤ ሲነሳ ሳትፈልጊ የድሮ ሴቲንግ እንዳይጭንብሽ። መጨረሻ ላይ ካርዱን ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ ሞክሪ። ይቺ ከሁሉም ትበልጣለች።

ካርዱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለች ነገር ካለች የባዮስ መቀየሪያ ናት። በሁለቱም በኩል ሞክሪ። ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ ነው የምትቀይሪያት።

ፍሬም_ቆጣሪ

እህቴ ይቅርታ፣ እኔም «ወንድሜ» አልኩሽ።

ጋሼ፣ ባዮስ መቀየሪያዋን መንካት ዋስትና አያበላሽም?

ብየዳ_ቤት

አያበላሽም። ሰሪው ራሱ ያስቀመጣት ናት፤ ሁለቱም ባዮሶች የእሱ ናቸው። ዋስትና የሚያበላሸው በሶፍትዌር ሌላ ባዮስ መጫን ነው። ኤኤምዲ በ2010 መጨረሻ ኤችዲ 6950ን ከእንዲህ ያለ መቀየሪያ ጋር ሲያወጣ ሰዉ ከፍ ያለውን የ6970ን ባዮስ ጭኖበት የተዘጋውን የቺፑን ክፍል መክፈት ጀመረ። ብዙዎቹ ሠራላቸው። እኔም ያኔ አንዱን ሠርቼ ሌሊቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ አድሬያለሁ። ግን እንዲያ የተደረገን ካርድ ሰሪው አልቀበልም ቢል እውነት አለው።

ውል_አንባቢ

የዋስትናውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ሥራዬ ከውል ጋር የተያያዘ ነው።

እህቴ፣ መጀመሪያ ሦስት ነገሮችን ለይተሽ ያዢ። ሰሪው በፈቃዱ የሚሰጠው ዋስትና አለ። ሻጩ የሚሰጠው አለ። ሕግ የሚሰጠው ደግሞ አለ። ሰው ሦስቱንም አንድ ላይ «ጋራንቲ» ይላቸውና አንዱ ሲዘጋበት ሁሉም የተዘጋ ይመስለዋል። በአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ ከሸማች ፊት በሕግ ቢያንስ ለ2 ዓመት ተጠያቂው ሻጩ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የታየ ጉድለትም ዕቃው ሲረከቡት የነበረ ነው ተብሎ ይገመታል፤ አይደለም የሚል ሻጭ እሱ ያስረዳ። ሰሪው የፈለገውን ቢጽፍ ይህን አይሽረውም። ባለሽበት አገር ያለውን ሕግ ማየት ያንቺ ፈንታ ነው። ሰሪው አልቀበልም ቢልሽ ግን ወደ ሻጩ መሄድን አትርሺ።

አሁን ወደ ቃላቱ። አብዛኛው የዋስትና ጽሑፍ «በኦቨርክሎክ ምክንያት የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም» ይላል። እዚህ ላይ «ማን ያደረገው ኦቨርክሎክ?» ብለሽ ጠይቂ። የኤኤምዲ ሶፍትዌር የፍጥነት ማስተካከያውን ስትከፍቺ ከፋብሪካው ሴቲንግ ውጭ ማሰራት ጉዳት ሊያመጣና ዋስትና ሊያሳጣ እንደሚችል ያስጠነቅቅሻል። «ከፋብሪካው ሴቲንግ ውጭ» የሚለውን አስተውዪ። ያንቺ ካርድ የፋብሪካ ሴቲንግ ያ ከፍ ያለው ፍጥነት ነው። በዚህ ንባብ አንቺ ከፋብሪካው ሴቲንግ የወጣሽው 60 ሜጋኸርዝ ስትቀንሺ ነው! እነሱ ያዘዙሽ ደግሞ በትክክል ይህንኑ ነው።

መቀነሱ ራሱ ያጣላል ብዬ አልፈራም። ፍጥነት መቀነስ ቺፕ አይጎዳም፤ ለምርመራ ነው ያደረግሽው፤ ሴቲንጉም ካርዱ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተርሽ ላይ ነው የተቀመጠው። ብቻ በጽሑፍ የጠየቁሽን በእውነት መልሺ። «ነክተሻል?» ካሉሽ «አዎ፣ ቀንሼ ሞክሬያለሁ፤ ጨምሬ አላውቅም» በይ።

ስለ ስቲከሩ፦ አሜሪካ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ ያለ ማግኑሰን-ሞስ የሚባል የዋስትና ሕግ አለ። የንግድ ኮሚሽኑ በዚሁ መሠረት በ2018 ለስድስት ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ ጻፈ። በ2024 ደግሞ ስቲከርን በሚመለከት ለኤኤስሮክ፣ ለዞታክና ለጊጋባይት ጻፈ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስቲከር ተነሳ ብሎ ብቻ ዋስትና መንፈግ እዚያ አይፈቀድም። ኢቪጂኤ ካርድ በሚሰራበት ዘመን ሂትሲንኩን (ሙቀት የሚያወጣውን ብረት) አውርዶ ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) መቀየር ዋስትና አያሳጣም ነበር፤ ካርዱ እስካልተጎዳ ድረስ። ሌሎች ሰሪዎች እንዲህ ለጋስ አይደሉም። ስለዚህ ጋሼ እንዳሉሽ አትንኪው። መብት አለኝ ብሎ መከራከርና ካርዱን በጊዜ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ካርዱን መዝግበሻል? አንዳንድ ሰሪዎች ከገዛሽ በ4 ሳምንት ወይም በወር ውስጥ ሲሪያል ነምበሩን ካላስመዘገብሽ ተጨማሪውን ዓመት አይሰጡሽም።

ሌሊት_ሬንደር

መዝግቤዋለሁ፤ በገዛሁ በሦስተኛው ቀን። ደረሰኙንም ፎቶ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ።

የሻጩን የ90 ቀን ውል እንደገና አነበብኩት። «የሚመለሰው ካርድ በሙሉ ጤንነት የሚሰራ መሆን አለበት» ይላል። አሁን ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ ጓደኛዬ «ዝም ብለሽ መልሺው፤ ሲፈትሹት 5 ደቂቃ ነው የሚያዩት፤ አይታወቅም» አለኝ። ካርዱ ግን ለሌላ ሰው ነው የሚሸጠው። እኔ ያጣሁትን እንቅልፍ ሌላ ሰው ሊያጣ ነው። ደስ አላለኝም።

ውል_አንባቢ

ደስ አለማለቱ ልክ ነው። ደግሞም ላንቺ አይጠቅምም። ለሰሪው ካርዱ እንደሚወድቅ በጽሑፍ ነግረሻል። በኋላ ለሻጩ «ጤነኛ ነው» ብለሽ ብትፈርሚ ያ ጽሑፍ ይወጣል።

እንዲህ አድርጊ። ለሻጩ ዛሬውኑ ጻፊ፤ ነገ አትበይ። «ካርዱ ጉድለት አለበት፤ በዋስትና እየተከታተልኩ ነው፤ የማሻሻያ ውሉን መጠቀም እፈልጋለሁ፤ ካርዱ እጄ ላይ የማይቆይባቸው ቀናት ከ90ው እንዳይቆጠሩብኝ እጠይቃለሁ» በይ። ባይስማሙ እንኳ ቀኑ ሳያልፍ መጠየቅሽ ይመዘገባል። ሁለት ነገር ደግሞ በጽሑፍ እንዲመልሱልሽ ጠይቂ። ተተኪው ካርድ በማሻሻያ ውሉ ይቀበሉታል ወይ? ዋጋው የሚታሰበው በከፈልሽው ነው ወይስ በዛሬው? ካርድ ዋጋው ቶሎ የሚወርድ ዕቃ ነው፤ ልዩነቱ ብዙ ነው።

አሮጌ_ባዮስ

ስለ ማሻሻያ ውልና ስለ ረጅም ዋስትና የቆየ ነገር ልጨምር፤ አዲስ ገዢዎች የማያውቁት ታሪክ አለ።

በፊት ካርድ ሰሪዎች በዋስትና ነበር የሚፎካከሩት። ቢኤፍጂ የሚባል ድርጅት ነበር። ከፋብሪካ ኦቨርክሎክ የሆነ ካርድ በመሸጥ ስም ያወጣ ነው። ጂፎርስ 6800 ጂቲ መደበኛው 350 ሜጋኸርዝ ሲሆን የእነሱ 370 ነበር። ያኔ 20 ሜጋኸርዝ ያስወራ ነበር። ዋስትናቸው ደግሞ የዕድሜ ልክ። ኤክስኤፍኤክስ ከዚያም አልፎ ካርዱን የሸጥክለት ሁለተኛ ሰው ጭምር የዕድሜ ልክ ዋስትናውን የሚወርስበት ውል ነበረው።

ከዚያ በሜይ 2010 ቢኤፍጂ ከግራፊክስ ካርድ ሥራ እወጣለሁ አለ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ መዝጋቱ ታወቀ። ለጥገና የላኩ ሰዎች ካርዳቸው እንደተበላሸ፣ ከአንድ ደብዳቤ ጋር ተመለሰላቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። የዕድሜ ልክ የተባለው የድርጅቱ ዕድሜ ልክ ኖሯል።

ኢቪጂኤ በዚህ በኩል በመልካም ይነሳል። ስቴፕ-አፕ የሚባል ፕሮግራም ነበረው። ከገዛህ በ90 ቀን ውስጥ ልዩነቱን ከፍለህ ወደ ሌላ የእነሱ ካርድ ታልፋለህ። ቆንጆ ሐሳብ ነው። አዲስ ትውልድ ካርድ ሊወጣ ሲል ለገዛ ሰው መድኃኒት ነበር። ችግሩ የታየው 2020 ላይ ነው። 3080 ሲወጣ ካርድ ከገበያ ጠፋ፤ ወረፋው ወራት ፈጀ። መብቱ አለ፤ ካርዱ የለም። በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ ኢቪጂኤ ከግራፊክስ ካርድ ሥራ ጠቅልሎ ወጣ። ለሸጣቸው ካርዶች ዋስትናውን እንደሚያከብር ግን አብሮ ተናገረ። ከቢኤፍጂ ጋር አስተያዩት።

ስለዚህ እኔ ዛሬ ስገዛ በአምስትና በዐሥር ዓመት ዋስትና አልታለልም። ሰሪው የቆመ ነው ወይ? ሻጩስ ነገ አለ ወይ? ዋስትናው የሚሄደው በሲሪያል ነምበር ነው ወይስ በደረሰኝ? ያገለገለ የምትገዙ ይቺን የመጨረሻዋን በተለይ ጠይቁ። በደረሰኝ ብቻ ከሆነ ሻጫችሁ ደረሰኙን ካልሰጣችሁ ምንም የላችሁም።

ፍሬም_ቆጣሪ

እውነቱን ለመናገር ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። «ቀንሰው» ስል ገንዘብ ጨምራ እንደገዛችው አላሰብኩም።

ግን አንድ ጥያቄ። እንዲህ ከሆነ ከፋብሪካ ኦቨርክሎክ የሆነ ካርድ መግዛት ለምን ያስፈልጋል? ቶሎስ አይሞትም?

ብየዳ_ቤት

ለፍጥነቱ ብለህ ከሆነ አያስፈልግም። 5 ከመቶ የሚባለው ጌም ላይ ሲደርስ ከዚያም ያንሳል። አብዛኛውን ጊዜ የምትከፍለው ለሌላው ነገር ነው። ሂትሲንኩ ይከብዳል፣ ፋኑ ዝም ይላል፣ ኃይል የሚያቀርቡት ክፍሎች ይበዛሉ። እነዚያ ዋጋ አላቸው። መደበኛው ካርድ ጥሩ ሂትሲንክና ረዘም ያለ ዋስትና ካለው ግን እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

ስለ መሞቱ፦ ሰሪው በሚጨምራት ፍጥነት ብቻ ቺፕ የሞተበት ካርድ አላስታውስም። ቺፕ የሚያስረጀው ከፍ ያለ ቮልቴጅና ሙቀት ነው፤ ሁለቱንም ቺፕ ነዳፊው ገደብ አብጅቶላቸዋል። ወደ እኔ የሚመጣው ሬሳ ከቺፑ ጎን ያለው ነው። ኃይል የሚያስተላልፉት ሞስፌቶች፣ ብየዳው፣ መሰኪያው። በ2016 ኢቪጂኤ ጂቲኤክስ 1070ና 1080 ካርዶቹ ላይ የኃይል ክፍሉ ይግላል ተብሎ ቴርማል ፓድ በነጻ ልኳል፤ ፋኑን የሚያፈጥን ባዮስም አውጥቷል። በ2021 ኒው ወርልድ የተባለው ጌም ላይ 3090ዎች ሲሞቱ ያው ኢቪጂኤ ሞስፌት አካባቢ ያለ መጥፎ ብየዳ ነው አለ፤ ካርዶቹንም ተካ። በ2022 የ4090 መሰኪያ ሲቀልጥ ኤንቪዲያ የሽቦውም የካርዱም ዓይነት ሳይለይ በፍጥነት እንደሚስተናገድ አሳወቀ። ካርድ ከገዛህ በኋላ የሚጠቅምህ ይህ ነው። ሲበላሽ የሚያነሳው ሰው አለው ወይ?

ሌሊት_ሬንደር (ከ5 ቀን በኋላ)

ያላችሁኝን ሁሉ አደረግሁ።

ሽቦው በእርግጥ አንድ ሆኖ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ሁለት አደረግሁለት። በቃ ተገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ ጌም ከፈትኩ። 25 ደቂቃ ላይ ድርግም አለ። ኤክስኤምፒ አጠፋሁ፣ ድራይቨሩን በንጹህ ጫንኩ። ያው ነው። ባዮሱን ጸጥተኛ ወደሚባለው ቀየርኩት፤ 50 ደቂቃ ቆየና ወደቀ። ከዚያ አውልቄ እህቴ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ፓወር ሰፕላይዋ ሌላ፣ ራሟ ሌላ፣ ሁሉም ሌላ። በ14 ደቂቃ ወደቀ። የእሷ ካርድ ደግሞ እኔ ኮምፒውተር ላይ ሌሊቱን ሙሉ 240ውንም ፍሬም ጨርሶ አደረ።

ለሰሪው የጻፍኩት ይህ ነው፦

«ካርዱ በእናንተ ባዮስና በእናንተ ፍጥነት፣ ምንም ሴቲንግ ሳልነካ፣ በሁለት የተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ ይወድቃል። በሁለቱም የባዮስ ቦታዎች ይወድቃል። ሌላ ካርድ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ጤነኛ ነው። ለምርመራ ፍጥነቱን በ60 ሜጋኸርዝ ቀንሼ አይቻለሁ፤ ጨምሬ አላውቅም። ፍጥነቱን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሳጥኑም ላይ ጽፋችሁታል። በተጻፈው ፍጥነት የሚሰራ ካርድ እንዲተካልኝ እጠይቃለሁ። ይህ በዋስትናው አይሸፈንም የምትሉ ከሆነ የትኛው አንቀጽ እንደሚከለክል ጥቀሱልኝ።»

የመጨረሻዋን መስመር የነገረኝ ውል_አንባቢ ነው፤ በግል መልእክት። ቪዲዮም አያያዝኩ፤ ሰዓቱና የሳጥኑ ቁጥር አብረው የሚታዩበት።

በማግሥቱ ሌላ ሰው መለሰልኝ። አንቀጽ አልጠቀሰም። «ካርዱን ይላኩልን» ብቻ ነው ያለው።

ብየዳ_ቤት

ስትልኪ ካርዱን በሁሉም በኩል ፎቶ አንሺው። ሲሪያል ነምበሩን፣ የመሰኪያውን ፒኖች፣ ያንን ስቲከር። በፊት የነበረበት ፀረ ስታቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጊው። መንገድ ላይ የተሰበረ ነገር አንቺ የሰበርሽው እንዳይባል።

ሌሊት_ሬንደር (ከ19 ቀን በኋላ)

ተተኪው መጣ። ሳጥኑ ተራ ካርቶን ነው፤ ታድሶ የተላከ እንጂ አዲስ አይመስለኝም። ግን ባለበት ፍጥነት፣ ምንም ሳልነካው፣ አራት ሌሊት ሬንደር አድርጓል። አንድም ፍሬም አልጎደለም። 240ኛውን ጠዋት ሳየው ዝም ብዬ ለደቂቃ ቆሜ አየሁት።

ሻጩ ደግሞ ካርዱ እኔ ጋ ያልነበረባቸውን ቀናት አልቆጠረብኝም፤ ተተኪውንም እቀበላለሁ ብሎ ጽፎልኛል። ዋጋው በከፈልኩት ነው። ግን አሁን ማለፉን ትቼዋለሁ። ከፍ ያለውን የፈለግሁት ከዚህኛው ለመገላገል እንደነበር የገባኝ ይኼኛው መሥራት ሲጀምር ነው።

ውል_አንባቢ

እንኳን ደስ ያለሽ! አንድ ነገር ብቻ። ተተኪው ሌላ ሲሪያል ነምበር አለው። በድሮው ነው የተመዘገብሽው። አዲሱን አስመዝግቢና ዋስትናው ከመጀመሪያው ግዢሽ ቀን እንደሚቀጥል በጽሑፍ ይላኩልሽ።

ሌሊት_ሬንደር

አሁን ገብቼ አየሁ፤ ገጹ ላይ ያለው እውነትም የድሮው ቁጥር ነው። የአዲሱን ፎቶ ከደረሰኙ ጋር አያይዤ ልኬላቸዋለሁ። መልሱ ሲመጣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።